ሐሳቡን ደበቅኩ፣ ቁልፉን አስረከብኩ

ባለፈው ሰሞን አንዲት ልጅ ከጓደኛዬ ስልኬን ተቀብላ ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ አፕ ማሠራት ፈልጌ ነበር። እርስዎ አሠርተው ያውቃሉ ሲሉኝ ነው የደወልኩት" አለችኝ። ምን ዓይነት አፕ እንደሆነ ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም አለች። "እሱን እንኳ በስልክ ባልናገር ይሻላል። ግን በግምት ስንት ብር ይፈጃል?"

ገባኝ። በደንብ ነው የገባኝ። ከአራት ዓመት በፊት እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ዓመት ሙሉ ከባለቤቴ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሌሊት ተነስቼ "ሰው ቀድሞኝ ይሆን?" እያልኩ ፕሌይ ስቶርን አስስ ነበር። ለልጅቷ ያን ቀን የነገርኳትን፣ ሌላም ሰው ይጠቅመው ይሆናል ብዬ እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። እኔ የተጎዳሁት ሐሳቤ ተሰርቆ አይደለም። ሐሳቤን ስጠብቅ ሌላውን ሁሉ በገዛ እጄ አስረክቤ ነው።

ሱቃችን መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። አባቴ ከ30 ዓመት በላይ የመኪና መለዋወጫ ሸጦበታል። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ ነው ያደግኩት። መካኒክ ይመጣል፣ ወይም ይደውላል። "የዶልፊን ባሌስትራ አለ?" "የዲኤክስ ማርሚታ ስንት ነው?" "የአባዱላ ኩሽኔታ፣ የፊቱን፣ ኦሪጅናል።" እኛ ጋ ከሌለ አንዱን ልጅ ጎረቤት ሱቅ እንልከዋለን። እዚያም ከሌለ ቀጣዩ ጋ። መካኒኩ ግማሽ ቀኑን ያጣል፣ መኪናው ተፈቶ ጋራዥ ውስጥ ይቆማል፣ ባለመኪናው ታክሲ ሲሳፈር ይሰነብታል። ሐሳቤ ይህ ብቻ ነበር፤ መካኒኩ የሚፈልገውን ዕቃ ስልኩ ላይ ይጻፍ፣ ዕቃው ያላቸው ሱቆች ዋጋቸውን ይላኩለት። (ከ2016 ጀምሮ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን መኪና እየጠገኑ መንዳት ግድ ሆኗል፤ ዛሬ ነገሩ ያኔ ካሰብኩት በላይ አንገብጋቢ ነው።)

ቀላል ሐሳብ ነው። ያኔ ግን ወርቅ የቀበርኩ ያህል ነበር የሚሰማኝ።

ዴቨሎፐር፣ አፕ የሚሠራ ባለሙያ፣ በሰው በሰው አገኘሁ። ፒያሳ አንድ ካፌ ተቀጣጠርን። አፌን ከመክፈቴ በፊት ከኢንተርኔት አውርጄ፣ አስተርጉሜ፣ ፕሪንት ያደረግኩትን የሚስጥር ጥበቃ ውል፣ ኤንዲኤ የሚሉትን፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ሦስት ገጽ ነው። ልጁ "ችግር የለም ብሮ" ብሎ ሳያነበው ፈረመልኝ። እኔም ራሴ በደንብ አላነበብኩትም ነበር። ክርክር ቢነሳ የሚታየው አሜሪካ ባለ ፍርድ ቤት ነው የሚል አንቀጽ እንዳለበት ያየሁት ከዓመት በኋላ ነው።

ወረቀቱ ከተፈረመ በኋላ ልቤ አረፈ። በ180,000 ብር ተስማማን፣ በሦስት ዙር የሚከፈል። ቀብዱን የዚያኑ ቀን አስተላለፍኩ። ኮዱ፣ አፑ የሚሠራበት የፕሮግራም ጽሑፍ፣ የማን እንደሚሆን የሚል አንድም መስመር የትም አልተጻፈም። እኔም አልጠየቅኩ፣ እሱም አላነሳው።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል።

ሥራው ሲጀመር ልጁ "ዳታ እፈልጋለሁ፣ ያለ ዳታ መሞከር አልችልም" አለኝ። እኔ ጋ አንድ የኤክሴል ፋይል ነበረኝ። 1,140 መስመር። ክረምቱን ሙሉ፣ ሱቅ ዘግቼ ማታ ማታ፣ የአባቴን ደብተር ጎኔ አስቀምጬ የጻፍኩት ነው። ይህ ደብተር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የጋራዥ ቋንቋ ካታሎግ ላይ የለም። ካታሎጉ የፋብሪካ ቁጥርና የእንግሊዝኛ ስም ነው የሚያውቀው። መካኒካችን የሚያውቀው ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ ነው። ግማሹ ከጣሊያን ዘመን የቀረ፣ ግማሹ እዚሁ ተራ ውስጥ የተወለደ ስም። መኪናውም እንደዚያው፤ ዶልፊንም አባዱላም ፋብሪካው የሚያውቀው ስም አይደለም። አባቴ የትኛው ስም የትኛው ዕቃ እንደሆነ፣ የየትኛው መኪና ዕቃ ለየትኛው እንደሚሆን፣ የትኛው ሱቅ ምን እንደሚይዝ በእጁ ጽፎ አስቀምጧል። አንዳንዱ ገጽ ግሪስ ነክቶት ወረቀቱ ብርሃን ያሳልፋል።

ሌላ ሰው አፑን በሦስት ወር ሊሠራው ይችላል። ያን ዝርዝር ግን በሦስት ወር ማንም አያገኘውም። ሚስጥሬ እሱ ነበር። እኔ ግን ሐሳቡን ከሰው ሁሉ ደብቄ ዝርዝሩን በቴሌግራም፣ አንድ ቃል እንኳ ሳልጽፍበት፣ እንዳለ ላክሁለት። "ተቀብያለሁ" የሚል አውራ ጣት መለሰልኝ።

ቀጥሎ አካውንት መክፈት መጣ። ፕሌይ ስቶር ላይ አፕ ለመጫን አንዴ የሚከፈል 25 ዶላር አለ። ዶሜይን፣ የኢንተርኔት አድራሻው፣ አለ። ሰርቨር፣ የአፑ መረጃ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ አለ፣ የሱ ክፍያ በየወሩ ነው። እኔ በዶላር የሚከፍል ካርድ አልነበረኝም። ልጁ ውጭ አገር ወንድም አለው። "አንተ አትጨነቅ፣ በኔ በኩል እጨርሰዋለሁ፣ በብር ትሰጠኛለህ" አለኝ። አመሰገንኩት፣ ከልቤ ነው ያመሰገንኩት። ሁሉም ነገር በሱ ኢሜይል ተከፈተ። ይህን ያነሳሁት ልጁ ከጅምሩ ክፉ ነበር ለማለት አይደለም፤ አልነበረም ብዬ ነው የማስበው። አገራችን ላይ የዶላር ካርድ እንደልብ ስለማይገኝ ብዙ ሰው ንብረቱን በሌላ ሰው ስም የሚያስቀምጠው እንዲህ ባለ ትብብር ነው። ማንም ሳያስበው።

ስምንት ወር አለፈ። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ዙር ከፈልኩ። አፑ ይሠራል፣ ግን ይንገዳገዳል፤ ፍለጋው አንዳንዴ ያገኛል፣ አንዳንዴ አያገኝም። ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ስልኩ ላይ ጭኖታል፣ አብዛኞቹ መካኒኮች ናቸው። እንዲያስተካክልልኝ ስጠይቀው ተጨማሪ 90,000 ብር አለኝ። እሱም የራሱ ምክንያት ነበረው፣ ሥራው ከጠበቀው በላይ ሰፍቶበታል፣ እኔም በየሳምንቱ "ይሄን ጨምርልኝ" ስል ነበር። አልከፍልም አልኩ። ከዚያ ስልክ ማንሳት ተወ።

አንድ ሰኞ ጠዋት አፑን ስከፍተው ክቡ ይሽከረከራል፣ ምንም አይመጣም። ሰርቨሩ ተዘግቷል። በወሩ ዶሜይኑ ጊዜው አለፈበት። ለየኩባንያው የደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩ። መልሳቸው አንድ ዓይነት ነው፤ በአካውንቱ ላይ ያለው ስም የእርስዎ አይደለም። ትክክል ናቸው። አልነበረም።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ደንበኛችን "እንደናንተ ያለ ሌላ አፕ መጥቷል" ብሎ አሳየኝ። ፍለጋው ላይ ስጽፍ የዕቃ ስሞች ይዘረዝራል። መጀመሪያ "ሐሳቡ ነው፣ ማንም ሊያስበው ይችላል" ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። ወረድ ስል ግን "ፓራጉልት" የሚል አየሁ። የመኪናን የፊት መከላከያ ሰው ሁሉ ፓራውልት ነው የሚለው። "ፓራጉልት" ብሎ የሚጽፍ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው የማውቀው፣ እሱም አባቴ ነው። ደብተሩ ላይ እንደዚያ ስለነበር እኔም እንዳለ ገልብጬው ነበር። እጄ ቀዘቀዘ። ማታ ለአባቴ ሳሳየው ስልኩን ራቅ አድርጎ ይዞ አነበበው። "ደብተሩን ለማን ሰጠኸው?" ብቻ ነው ያለኝ።

ጠበቃ ጋ ሄድኩ። ሦስት ገጹን ውል አነበበና ጠየቀኝ፣ "የወሰደብህ ምንህን ነው?" "ሐሳቤን" አልኩት። "ሐሳብ የማንም አይደለም" አለኝ፣ ከዚያ በደንብ አስረዳኝ። እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ፤ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፣ የራሳችሁን ጉዳይ ይዛችሁ ደግሞ ጠበቃ ዘንድ ሂዱ።

የቅጂ መብት አዋጃችን ቁጥር 410/1996 ነው፣ በኋላ በ872/2007 ተሻሽሏል። የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ድርሰት ቆጥሮ ይጠብቃል። ሐሳብን፣ አሠራርን፣ ዘዴን፣ ጽንሰ ሐሳብን ግን አይጠብቅም ብሎ በግልጽ ይለያል። ፓተንት (ለፈጠራ የሚሰጥ መብት) ላይ እንዳትሄዱ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የንግድ ሥራ ማከናወኛ ዘዴንና የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከፓተንት ውጭ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ "መካኒክና ሱቅን በስልክ ላገናኝ" የሚለው ሐሳብ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ እስካለ ድረስ፣ የማንም ንብረት አይደለም። ኮድ ሆኖ ሲጻፍ ነው ባለቤት የሚኖረው።

የኮዱ ባለቤት ማን ነው? እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር ሰማሁ። በኛ አዋጅ በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። ማለትም ውላችን ላይ አንድ መስመር ባይኖርም ሕጉ ወደኔ ያዘነብላል። ግን ጠበቃው እንዲህ አለኝ፣ "መብቱ ያንተ ነው፣ ኮዱ እሱ ጋ ነው። መብትህን ለማስከበር ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ትመላለሳለህ። ኮዱ እጅህ ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ዛሬ ማታ ሌላ ልጅ ቀጥረህ ሥራህን ትቀጥል ነበር።" ይህን ንግግሩን አልረሳውም።

ዝርዝሩስ? አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሌላውን የንግድ መረጃ ያለ ፈቃዱ ማውጣትና መጠቀምን ከተከለከሉት ተገቢ ያልሆኑ የንግድ ውድድሮች ውስጥ ይቆጥራል። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ግን አንገቴን አስደፋኝ፣ "ሚስጥር ነው የምትል ከሆነ፣ እንደ ሚስጥር ይዘኸው ነበር?" ያ ሁሉ ጥንቃቄ የፈሰሰበት ወረቀት ስለ "ሐሳብ" ነው የሚያወራው። ስለ ዝርዝሩ አንድ ቃል የለውም። በቴሌግራም ስልከውም "ይህ የሱቃችን ንብረት ነው፣ ከዚህ ሥራ ውጭ እንዳትጠቀምበት" አላልኩም።

ፍርድ ቤት አልሄድኩም። በሽምግልና ነው ያለቀው። የልጁ አጎትና የሱቅ ጎረቤታችን ተቀመጡ። ልጁ ኮዱን በፍላሽ አምጥቶ ሰጠኝ፣ የመጨረሻው ሳይሆን የቆየው ነበር። ዝርዝሩ ሌላኛው አፕ ላይ እንዴት እንደደረሰ ሽማግሌዎቹ ፊት ጠየቅኩት። "ለጓደኛዬ ለሙከራ ሰጥቼው ነበር" አለ። ፊቱን አይቼ አመንኩት። የፕሌይ ስቶሩ አካውንት ግን ተዘግቶ ነበር። አንድ አፕ ስቶሩ ላይ የተመዘገበበት መለያ ስም አንዴ ከተያዘ በሌላ አካውንት ዳግም አይጫንበትም፣ ስለዚህ እነዚያ 300 ሰዎች አዲስ አፕ እንዲጭኑ መለመን ነበረብኝ። ጋራዥ ለጋራዥ ዞሬ ስልካቸውን እየተቀበልኩ ራሴ ጫንኩላቸው። ከግማሽ በላይ ያህሉን ነው መልሼ ያገኘሁት።

ሐሳቤን ይሰርቁኛል ለሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚነሳው ታሪክ የፌስቡክ ነው፣ እሱንም ላንሳው። እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ዊንክልቮስ የሚባሉ መንትያ ወንድማማቾችና ጓደኛቸው የተማሪዎች ማገናኛ ድረ ገጽ እንዲጽፍላቸው ማርክ ዙከርበርግን አነጋገሩት። እሱ ደግሞ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2004 የራሱን፣ ፌስቡክን፣ ይዞ ወጣ። ተካሰሱ፣ በ2008 በጥሬ ገንዘብና በአክሲዮን 65 ሚሊዮን ዶላር በሚገመት ስምምነት ተዘጋ፣ ከዚያም በኋላ እስከ 2011 ድረስ በስምምነቱ ላይ ሲከራከሩ ቆዩ። ሰው ይህን ሲሰማ "አየህ፣ ሐሳብ ይሰረቃል" ይላል። እኔ ሳነበው የታየኝ ሌላ ነው። ሰዎችን በኢንተርኔት የማገናኘት ሐሳብ ያኔም አዲስ አልነበረም፤ ማይስፔስም ፍሬንድስተርም ነበሩ። መንትዮቹ የጎደላቸው፣ ሠሪው ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያስረክብና ኮዱ የማን እንደሆነ የሚል የተፈረመ ወረቀት ነው። ፍርድ ቤት ይዘው የቀረቡት ኢሜይልና በቃል የተባለ ነገር ነበር።

እዚሁ አዲስ አበባም እዩት። ራይድ፣ ዛይራይድ፣ ፈረስ፣ ሁሉም በስልክ ታክሲ ይጠራሉ። አንዱ የሌላውን ሐሳብ ሰረቀ የሚል ሰው እኔ አልሰማሁም። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኮድ፣ የየራሳቸውን ሾፌሮችና ስም ይዘው ነው የሚሠሩት።

እንግዲህ ለልጅቷ ምን አልኳት?

መጀመሪያ ያልኳት "ንገሪው" ነው። አፑ ምን እንደሚሠራ ካልነገርሽው ዋጋ ሊነግርሽ አይችልም፣ ቢነግርሽም ከሰማይ የወረደ ቁጥር ነው። ዴቨሎፐሮች በሳምንት ስንትና ስንት ሐሳብ ነው የሚሰሙት፣ ሁሉም "እንዳትነግር" እየተባሉ። አብዛኞቹ የራሳቸው ሥራ በዝቶባቸዋል። የማትነግሪው ሌላ ነው። አፑ ምን ይሠራል የሚለው ይነገራል። አንቺ ብቻ የምታውቂው፣ ዕቃ የምታመጪበት ሰው፣ ዋጋ የምትተምኚበት መንገድ፣ የደንበኛ ስልክ ዝርዝር፣ ለዓመታት ያጠራቀምሽው መረጃ፣ እሱ አይነገርም። ከውሉ በፊት ጨርሶ አይነገርም። ከውሉም በኋላ ለሥራው የሚያስፈልገው ያህል ብቻ። አሁን እኔ ለሙከራ የምሰጠው 20 መስመር ነው፣ ዋጋዎቹ የፈጠራ ናቸው። ዝርዝሩን ራሴ ነኝ ወደ ሰርቨሩ የምጭነው፣ በራሴ ፓስወርድ። እዚያ ውስጥ ሆን ብዬ የተውኩት "ፓራጉልት" አለ። ሌሎችም እንደሱ ያሉ ሦስት አሉ፣ የት እንዳሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

የደንበኛ ስልክ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከ2016 ወዲህ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አለን፣ ቁጥሩ 1321/2016 ነው። የሰው ስምና ስልክ ለዴቨሎፐር ወርውሮ መስጠት ከእንግዲህ የራሳችን ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው አካውንት ነው፣ እዚህ ላይ ችክ አልኩባት። ኮድ አንድ መስመር ከመጻፉ በፊት ዶሜይኑ፣ የፕሌይ ስቶሩ አካውንት፣ የአፕል ከሆነም በዓመት 99 ዶላር የሚከፈልበት፣ ሰርቨሩ፣ ኮዱ የሚቀመጥበት ጊትሃብ፣ ሁሉም በአንቺ ኢሜይልና በአንቺ ስልክ ቁጥር ይከፈት። ካርድ ከሌለሽ ዘመድ ይክፈልልሽ፣ ባንክ ጠይቂ፣ ዴቨሎፐሩም ቢሆን ይክፈልልሽ ግድ የለም፣ አካውንቱ ላይ የሚጻፈው ስም ግን ያንቺ ይሁን። ካርድና አካውንት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለሠሪው መግቢያ ትሰጪዋለሽ፣ ሥራው ሲያልቅ ታነሺዋለሽ። የሱቅ ቁልፍ ለሠራተኛ እንደመስጠት ነው። ካርታው ግን በሱ ስም አይወጣም።

ክፍያውንም ከዚህ ጋር አሳሰርኩት። እኔ ያኔ "አሳየኝ" ስለው ስልኩ ላይ ያሳየኝ ነበር፣ አይቼ እከፍላለሁ። አሁን የምከፍለው ኮዱ እኔ ጊትሃብ ላይ ሲገባ ነው። ኮድ ማንበብ አልችልም። ግን በየሳምንቱ አርብ ገብቼ አዲስ ነገር መጨመሩን አያለሁ፣ ያ ለማንም አይከብድም። የማያቋርጥ ከሆነ ሥራው አለ። ሁለት ሳምንት ባዶ ከሆነ እደውላለሁ።

ሦስተኛው ውሉ። ከኢንተርኔት አታውርዱ። በአማርኛ ይጻፍ፣ ሁለታችሁም የሚገባችሁ ይሁን፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ውላችን ሁሉ መጨረሻው ላይ "በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ነው" ይላል፣ ቤት ስንከራይም መኪና ስንሸጥም። 1731 የሚለው በሕግ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ሕግ ከሆነ ውስጡ ምን እንደተጻፈ ማየት ነው። እኔ አሁን ያሉኝ ነጥቦች ብዙ አይደሉም። ለዚህ ሥራ የተጻፈ ኮድ፣ ዲዛይንና ዳታቤዝ የአሠሪው ነው። ኮዱ የሚጻፈው አሠሪው በከፈተው አካውንት ላይ ነው። ሚስጥር የሚባሉት እነዚህ እነዚህ ናቸው ተብሎ በአባሪ ይዘረዘራል፣ "ማንኛውም መረጃ" የሚል ጅምላ ቃል አይበቃም። ሥራ ሲያልቅ ወይም ሲቋረጥ በስንት ቀን ምን እንደሚረከብ ይጻፋል።

ገደቡ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። "ውሉን ያፈረሰ ወገን ገደብ 5,000 ብር ይከፍላል" ብሎ መጻፍ ልማድ ሆኗል። በ300,000 ብር ሥራ ላይ 5,000 ብር ማንንም አይዝም። የገደብ ጥቅሙ ስንት ብር እንደተጎዳህ ማስላትና ማስረዳት ሳይጠበቅብህ የተጻፈውን መጠየቅ መቻልህ ነው። የኔ ዝርዝር መውጣቱ ስንት ብር ነው የጎዳኝ? እስከዛሬ አላውቅም። በቂ ገደብ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ማወቅ አያስፈልገኝም ነበር።

ለሠሪውም ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው። አንዳንድ ሰው "ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሥራ ለአምስት ዓመት እንዳትሠራ" የሚል ውል ያስፈርማል። አንድ ልጅ እንጀራው ኮድ መጻፍ ከሆነ ይህ አንገት መያዝ ነው። ተጨማሪ ሥራ ሲመጣ በስንት እንደሚታሰብ ቀድሞ ይጻፍለት። የኔና የመጀመሪያው ልጅ ጠብ የተጀመረው እኔ ሳልከፍል ሥራ እየጨመርኩበት ነው። ሥራውን ለሌላ ደንበኛ ማሳየት እንዲችልም ፍቀዱለት።

ስሙን በተመለከተ አጭር ነው። ሐሳብ ባይመዘገብም ስምና ምልክት ይመዘገባል። በአዋጅ 501/1998 መሠረት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ተመዝግቦ ለሰባት ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ይታደሳል። አፑ ሰው ማግኘት ከጀመረ በኋላ ሳይሆን ከመውጣቱ በፊት ሂዱ። እኔ ዘንድሮ ነው የሄድኩት።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ አንድ ቃል። ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ እዚያው አንድ ፍሪላንሰር ልታሠራ ስትል "ከፍዬዋለሁ እኮ፣ የኔ ነው" አለችኝ። እዚያ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ተቀጣሪ ያልሆነ፣ በኮንትራት የሠራ ሰው የጻፈው ኮድ፣ በጽሑፍ ካላስተላለፈልሽ በስተቀር፣ ብዙውን ጊዜ ቅጂ መብቱ የሱው ነው። ከዚያ ሆናችሁ አዲስ አበባ ያለ ልጅ የምታሠሩ ከሆነ የትኛው አገር ሕግ ይገዛናል የሚለውን ራሱ ጻፉት።

አሁን የሚሠራልኝ ሁለተኛው ልጅ ነው። መጀመሪያ ቀን የሚስጥር ውሌን ላወጣ ስል "እሺ እፈርማለሁ፣ ግን መጀመሪያ ጊትሃብ ክፈትና እኔን ጋብዘኝ፣ ሥራዬን እኔ ጋ ማስቀመጥ አልፈልግም" አለኝ። እንዴት እንደሚከፈት አላውቅም ነበር። ወንበሩን ወደኔ አዙሮ ራሴ እንድጽፈው አደረገኝ። ፓስወርድ ሳስገባ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። ሌላ ምንም ሳልጠይቀው በሱ አመንኩ።

ልጅቷ ትላንት ቴሌግራም ላይ ጻፈችልኝ። ዶሜይኑን በስሟ ገዝታለች፣ ዱባይ ያለች እህቷ ከፍላላታለች። አፑ ምን እንደሆነም ነገረችኝ። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ የሷ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። ውሉን ቅዳሜ አብረን እናየዋለን፣ ገደቡ ላይ ስንት እንጻፍ ብላ ጠይቃኛለች።

ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ሱቅ ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ። ጎተራ አካባቢ ያለ አንድ መካኒክ "የአባዱላ ኩሽኔታ የፊት" ብሎ ጽፏል። በአራት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ሱቅ መለሰለት። አንዱ እኛ ነበርን፣ ግን የኛ ዋጋ ውድ ነበርና ከጎረቤት ገዛ። አባቴ ከኋላዬ ቆሞ እያየ ነበር። "ስሙን በትክክል ነው የጻፈው" አለና ደብተሩን ከመሳቢያው አውጥቶ አንድ ነገር ጨመረበት።